ቀይ የገባበት ሳሎን

በየሆቴሉና በየምግብ ቤቱ «ባህላዊ» ተብሎ የሚሰናዳውን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን። ግድግዳው ላይ ቀርከሃ ይመታበታል፣ ኮርኒሱ ላይ ሰሌን ይወጠራል፣ ዱካው ቡናማ ነው፣ ጠረጴዛው ቡናማ ነው፣ መብራቱም ፈዘዝ ያለ ነው። እዚያ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ቀለሙን ማን ወሰደው? አያቶቻችን ቤታቸውን ሲያስጌጡ ከቀለም ሸሽተው አያውቁም። ሞሰብ የምትሰፋ ሴት አክርማውን እንደደረቀ ልትሰፋበት ትችላለች፤ ሞሰቡ እንጀራ መያዙን አይተውም። እሷ ግን ውሃ ታፈላለች፣ ቀለም ትበጠብጣለች፣ አክርማውን ነክራ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ አለላ ታወጣለች። ይህ ሁሉ ድካም ለዓይን ነው። ለዓይን የተደከመበትን ነገር ቡናማ ክፍል ውስጥ አስገብተን ጥግ ላይ ስንጥለው ያሳዝነኛል።

ይህን የማነሳው በእናቴ ሳሎን የደረሰውን ልነግራችሁ ብዬ ነው። ነገሩ ግን የሚጀምረው ሐረር ስለሆነ በዚያ በኩል ዞሬ ልምጣ።

ለሥራ ሐረር ሄጄ ሳለ አንድ የጀጎል ልጅ የሆነ ባልደረባዬ «ቤታችንን ሳታይማ አትመለስም» ብሎ ወሰደኝ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ስትመዘገብ ግንቧና መስጊዶቿ ብቻ አልነበሩም የተቆጠሩላት፤ የቤቶቿ የውስጥ አሠራርም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ከውጭ ሲታዩ ግን ይህን አያስታውቁም። ጠባብ መንገድ፣ የድንጋይ አጥር፣ አንድ በር። ጫማችንን አውልቀን ገባን።

መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ቀዩ ነው። ወለሉ ቀይ። ከወለሉ ከፍ ከፍ እያሉ የተሠሩት መደቦችም ቀይ። ሐረሪዎች መደቡን ነደባ ይሉታል፤ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ይለያል፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው፤ የአሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ነው። ከመደቦቹ በላይ ያለው ግድግዳ ግን በኖራ ነጥቶ ያበራል። ነጩ ላይ ስፌቶች በረድፍ ተሰቅለዋል፣ ግድግዳው ውስጥ ተፈልፍለው በወጡት መደርደሪያዎች ሳህንና ብርጭቆ ተደርድሯል፣ መደቡ ላይ ምንጣፍና መከዳ አለ። ያን ሁሉ ቀለም አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ዓይን የማያደክም ቤት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

የባልደረባዬ እናት ሻይ ሲያቀርቡልን ስለ ቀዩ ጠየቅኋቸው። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁት የሐረር ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው አሉኝ። ከታላላቆቻቸው የሰሙት ይህንኑ ነው፤ እሳቸውም ለልጆቻቸው ይህንኑ ይነግራሉ። ይህን የተናገሩት መደቡን በእጃቸው ዳሰስ እያደረጉ ነው። ሐዘኑን የቤቱ ወለል ላይ ቀብቶ ልጆቹን እዚያው ላይ የሚያሳድግ ሕዝብ አለን፤ እኛ ደግሞ «ቀይ ለቤት ይከብዳል» እንላለን።

ከዚያ ቤት ስወጣ ልቤ ውስጥ የቀረችው ነገር ግን ቀዩ የት እንደተቀመጠ ነው። ቀዩ ታች ነው፣ ነጩ ላይ ነው። ብርሃኑ ነጩን መትቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀዩም ሞቅ አድርጎ ይቀበለዋል። የሰው እግር፣ የሰው ጀርባ፣ የልጅ እጅ የሚነካው ክፍል ጠቆር ያለ ስለሆነ እድፍ አይታይበትም። የሰው ዓይን የሚያርፍበት ክፍል ደግሞ ነጭ ስለሆነ ስፌቱ ጎልቶ ይወጣል። በዘመናት የተፈተነ ብልሃት ነው።

ወደ እናቴ ቤት ልመለስ። ጉለሌ ውስጥ ያለ፣ ከደርግ በፊት የተሠራ የጭቃ ቤት ነው። ሳሎኑ አንድ መስኮት አለው። ግድግዳው ክሬም፣ ሶፋው ቡናማ፣ መጋረጃው ቡናማ፣ ቡፌው ቡናማ። ቡፌው አናት ላይ የአያቴ ስፌቶች አቧራ እንዳይነካቸው ተብሎ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ በላያቸውም ዳንቴል ተደርቦ ይቀመጣሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው እንደ ተጠቀለሉ ነው።

ክረምት ላይ ለታናሽ እህቴ ሽማግሌ እንደሚላክ ተነገረን። እናቴ ወዲያው «ሳሎኑ ቀለም ካልተቀባ ከሰው ፊት አልቀርብም» አለች። እኔም የሐረሩ ነገር ከውስጤ አልወጣም ነበርና «እማዬ፣ ዘንድሮ ክሬም ይቅር፤ ይቺን በሩ ፊት ለፊት ያለችውን ግድግዳ ቀይ እናድርጋት» አልኳት።

«ቀይ? ሥጋ ቤት ልታስመስለው ነው እንዴ ልጄ?»

የእናቴ ስጋት ስጋት ነው፤ አልናቅኩትም። በአዲስ አበባ ቀይ ለሥጋ ቤትና ለመጠጥ ማስታወቂያ ተሰጥቷል። የቀረው ቀለማችንም ቢሆን ደጅ ነው ያለው። የቆርቆሮ በራችንን አረንጓዴና ሰማያዊ እንቀባለን፣ ሚኒባሳችን ሰማያዊና ነጭ ነው፣ የጭነት መኪናው ግንባር አበባና አንበሳ ይሳልበታል። የበሩን ቁልፍ ከፍተን ስንገባ ግን ክሬም ይጠብቀናል። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፦ ከቡፌው ላይ አንዱን ስፌት አውርጄ ላስቲኩን ፈታሁና መስኮቱ ሥር ያዝኩላት። መሃሉ ላይ ያለው አለላ ከልጅነቴ በፊት የተነከረ ቢሆንም አሁንም ቀይ ነው፤ ጠለቅ ያለ፣ ወደ ጡብ የሚያደላ ቀይ። ዙሪያውን አረንጓዴ ይዞታል፤ በሁለቱ መካከል አንድ ዙር ያልተነከረ ነጭ አክርማ ገብቷል። አያቴ ያቺን ነጭ ዙር ባታስገባት ኖሮ ቀዩና አረንጓዴው ይጣሉ ነበር። እናቴ ስፌቱን ተቀብላኝ ብዙ አየችው። «ይሁን» አለች። «ግን ይሄንኑ ቀይ ነው ያልኩህ።»

ስፌቱን በፌስታል ይዤ ቀለም ቤት ሄድኩ። ሻጩ ቀለሙን በማሽን አመሳስሎ እንደሚበጠብጥልኝ ነግሮኝ ገና ሲጀምር መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የለም። ከመደርደሪያው ላይ የተዘጋጀ ጋሎን አወረደልኝ፤ ክዳኑ ላይ ያለው ናሙና ከስፌቱ ጋር ገጠመ። ዘይት ቀለም ነው። «ለጭቃ ቤት ይሆናል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱማ ነው የሚሻለው፤ ይታጠባል፣ ዘላለም ይኖራል» አለኝ። ቀለም ቀቢውም ስደውልለት በዚሁ ተስማማ።

በማግስቱ ቀቢው ብቻውን ሲሠራ ውሎ ማታ ስገባ ግድግዳው ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ቀይ አይደለም፤ የሕፃን ልደት ኬክ ላይ የሚቀባው ዓይነት ሮዝ። ለካስ ቀለሙ እንዳያልቅበት ብሎ ከሌላ ሥራ የተረፈውን ነጭ ጨምሮበት፣ በቲነርም አቅጥኖት ኖሯል። «ሲደርቅ ይጠቁራል» አለ። አልጠቆረም። እንዲያውም አልደረቀም። ያ ግድግዳ ከጀርባው ማድቤት አለበት፤ የማድቤቱ ጣራ በክረምት ያፈሳል፤ ጭቃው ከነሐሴ ዝናብ ውሃ ጠጥቷል። ውሃው በዚህ በኩል ሊወጣ ሲል ዘይት ቀለሙ እንደ ላስቲክ ዘጋበት። ቀኑ እያለፈ ሲሄድ ግድግዳው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣ ጀመር፤ በጣት ስትነካው ይንቀሳቀሳል። ቀቢውን ደወልንለት። ስልኩ አይነሳም።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህ መሃል፣ እሑድ ጠዋት ነው። ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ የቲነሩ ሽታ እንዲጠፋ ዕጣን አጭሰን ተቀበልናቸው። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። አጎቴ ለቤተሰቡ መልስ ሰጥቶ አስቀመጣቸው። ከሁሉም በዕድሜ የገፉት አባት የተቀመጡት የክብር ቦታው ላይ፣ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ንግግሩ ረዘም አለ፤ ደከም ሲላቸው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። እህቴ በጓዳ በር በኩል አየቻቸው፤ እኔም አየኋቸው፤ ሁለታችንም ምን እንደምንል ጠፋን። ሽማግሌን ከግድግዳ ተነሱ አይባልም።

ሊመርቁ ሲነሱ ጋቢያቸው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ ሳብ ሲያደርጉት እየተላጠ መጣ። ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ሮዝ ሆነዋል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የእሳቸው ጀርባ ቅርጽ ቀረ። እናቴ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ደረሰች። እሳቸው ግን ክንዷን ይዘው አነሷትና ጋቢውን በእርጋታ ገልብጠው ለበሱት። «ተይ ልጄ፣ የሰርግ ቤት ቀለም አይጠፋውም» አሉና ምርቃቱን ቀጠሉ። ስለዚያ ደግነታቸው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ጋቢውን ተቀብለን በናፍጣም በሳሙናም ብናሸው አልለቀቀም፤ እናቴ ከሽሮ ሜዳ አዲስ ጋቢ አስገዝታ ላከችላቸው።

ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ከቀለም ተማርክ» ይለኛል። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ቀለም ደፍሮ መቀባት ስህተቱ እንዳልሆነ፣ ግድግዳው የማይቀበለውን መቀባት ግን ስህተት እንደሆነ ያሳየኝ ከመስከረም በኋላ የመጣው ግንበኛ ነው። የቆየ ሰው ነው፤ የጭቃ ቤት ያውቃል። ግድግዳውን በጥፍሩ ጫር አድርጎ «ይሄ ቤት ታፍኗል» አለ። ጭቃና ጭድ እርጥበትን ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሳል፤ ዘይት ቀለም ያንን ሲዘጋበት ልስኑ ከውስጥ ይላላል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል። ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ እየጠጠረ ሄዶ መልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል።

መፋቅ ተጀመረ። የዚህን ቀን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው እሱ ነው። ግንበኛው በጠፍጣፋ ብረት ሮዙን ሲያነሳው ከሥሩ ክሬሙ ታየ። ክሬሙ ሲነሳ ሌላ ክሬም። ከዚያ ሥር ውሃ ሰማያዊ ወጣ። ከወገብ በታች ደግሞ ውሃ ሰማያዊው አልነበረም፤ ድፍን አረንጓዴ ነበር፣ ያ ድሮ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው ግድግዳ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀባ የነበረው ዓይነት። በሁለቱ መካከል የጣት ውፍረት ያላት ጥቁር ቡናማ መስመር ተሰምራለች። መስመሯ ቀጥ ያለች ናት፤ የሠራት ሰው ገመድ ወጥሮ፣ እጁን ሳያንቀጠቅጥ ነው የሠራት። ከሁሉም ሥር ነጭ ኖራ አለ።

እናቴ ቡና ልታቀርብ ስትገባ ያቺን መስመር አይታ ቆመች። «አባትህ ናቸው» አለች። «እኔን ሊያገቡ ሲሉ ነው የቀቡት። ሶስት ቀን ሙሉ ማንንም አላስገቡም።» አባቴ ካረፈ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ የቤቱ ግድግዳ ሰማያዊና አረንጓዴ እንደነበረ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ታዲያ ክሬሙ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኳት። «ሁሉም ሰው ክሬም ሲቀባ እኛም ቀባን» አለች። ሌላ ምክንያት የለውም። እናቴ ስለ ቀይ ስትፈራ የነበረችው አንድ ጊዜ በሰማያዊና በአረንጓዴ ቤት ውስጥ ተሞሽራ መግባቷን ረስታ ነው።

መቼም ከቀለም የሸሸነው በቅርብ ነው። ዘጌ ወርዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ብታዩ ከውጭ ክብና ጸጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውስጡ ገብታችሁ የመቅደሱ ግድግዳ ፊት ስትቆሙ ግን ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከላይ እስከ ታች ይቀበላችኋል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀና ካላችሁ ኮርኒሱ ራሱ ባለ ክንፍ የመላእክት ፊት ነው፤ ባዶ የተተወ ቦታ የለም። ከሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ሃላባ ላይ ደግሞ ገበሬው የጭቃ ቤቱን ግድግዳ በመስመርና በቅርጽ፣ በእንስሳ ሥዕል ያደምቀዋል። እኔ በመኪና መስኮት ሳየው «አንድ ጊዜ አቁምልን» ያልኩት ሹፌር እሱም ወርዶ ፎቶ አነሳ። እነዚህ ሁሉ ባህላዊ ቤቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቡናማና ክሬም የሆነውን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ግንበኛው ኖራውን በበርሜል ዘፍዝፎ አሳድሮ፣ በአሮጌ ነጠላ አጥልሎ፣ ጨው ጣል አድርጎበት አዘጋጀው። ለቀዩ ቀለም ቤት አልሄድንም። ድሮ የሲሚንቶ ወለል ቀይ ሊሾ የሚደረግበትን ዱቄት ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ገዝቶ መጣ። ይህ ዱቄት ቀለሙን የሚያገኘው ከብረት ዝገት ነው፤ ቀይ አፈርንም ቀይ ያደረገው ያው የብረት ዝገት ነው። ለዚህ ነው ኖራ የማያቃጥለው፣ ፀሐይም የማያነጣው። ሌላው ደማቅ ቀለም ብዙው ከኖራ ጋር ሲገናኝ ይሞታል። ግንበኛው ይህን ያወቀው በሥራ ነው፤ ዱቄቱን በእጁ መዳፍ ላይ በውሃ አሽቶ «ይሄ የመሬት ነው፣ አይክድህም» አለኝ።

ቀዩን ያደረግነው ከታች ነው። የአባቴ አረንጓዴ በነበረበት፣ እሱ ባሰመራት መስመር ልክ፣ ዙሪያውን። በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ኖራ ሆነ። የመስኮቱንና የበሩን እንጨት አረንጓዴ አደረግነው፤ እንጨት ነውና እሱ ላይ ዘይት ቀለም ምንም አይለውም። እናቴ ቡናማውን መጋረጃ ራሷ አወረደችው፤ በምትኩ ጥለት ያለው ነጭ ሸማ ሰቀለች። ስፌቶቹ ከላስቲካቸው ወጥተው ነጩ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ጥቁሩ ጀበና ቀዩ ፊት ሲቀመጥ ከየትኛውም ቦታ ይታያል። ነጩን አምፖል ደግሞ ወደ ቢጫ በሚያደላ አምፖል ለወጥነው፤ ነጩ መብራት ቀዩን ወደ ሐምራዊ እየጎተተ ያጠቁረው ነበር። ሶፋው ያው ቡናማው ነው። አሁን ግን ቡናማው ራሱ አምሮበታል፣ ከቀዩ አጠገብ የቡና ፍሬ ቀለም መሰለ።

ጥር ላይ ሰርጉ ሆነ። እኚያ አባት አዲሱን ጋቢ ለብሰው መጡ፤ እናቴ ያንኑ ቦታ ሰጠቻቸው፣ ተደግፈው ዋሉ።

የጭቃ ቤት ያላችሁ፣ ወይም እናታችሁ የጭቃ ቤት ያላት አንባቢዎቼ፣ ለበዓል ቀለም ስታስቡ ይህን ልለምናችሁ። ግድግዳችሁ ጭቃ ከሆነ ዘይት ቀለም አታስነኩት፤ በክረምትም አትቀቡ። ኖራና የሊሾ ዱቄት የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጉ፣ ገና አሉ። ቀዩን ከታች አድርጉት። ከመፋቃችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጥግ ላይ በቀስታ ጫር አድርጋችሁ ከሥሩ ምን ቀለም እንዳለ እዩ፤ ማን እንደቀባውም በሕይወት ያሉትን ጠይቁ።